ቤንዚንና ውሃ፤ በመካከላቸውም የሚገባው ሦስተኛ ወገን

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ውሃ ለሰውና ለእንስሳ ሕይወት ሲሆን ለቤንዚን ሞተር ግን ጠላት ነው። ይህን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ባለፉት መቶ ዓመታት ሰዎች ቤንዚንን ለማሻሻል ብለው የጨመሩበት ልዩ ልዩ ቅመም፣ ቤንዚን ከውሃ ጋር ያለውን ጠባይ ምን ያህል እንደ ለዋወጠው የሚያስተውል ብዙ አይደለም። የዛሬው ንግግራችን የዚህ ነገር ታሪክ ነው። ምናልባት፣ «ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው እንጂ የጽሕፈት ቤት ሰው ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ሆኖም የመኪና ስምሪት የሚያዝዝ፣ የነዳጅ መጠየቂያ የሚፈርም፣ የግምጃ ቤት ቁልፍ የያዘ ሁሉ የሕዝብን ገንዘብ በበርሜል ውስጥ አስቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ነውና፣ ያስቀመጠው ነገር ጠባዩ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዋል።

ምሳሌያችንን ከደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ እንወስዳለን። ይህን አገር የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ያልፋል። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ በ3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በነፋስና በጉም መካከል ተቀምጣለች። ስማዳ ደግሞ ቁልቁል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። እንግዲህ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ውርጭና ሐሩር የሚፈራረቁበት አገር ነው። የቤንዚንና የውሃ ነገር ደግሞ ከሙቀትና ከብርድ መለዋወጥ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ አገር አይገኝም።

የጋይንት ሰው የመንኮራኩርን ድካም የሚያውቀው ከቤንዚን አስቀድሞ ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱ በጋይንት በኩል በጨጨሆ ዳገት ያልፍ ነበር። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ብረት የጎተተው የሰው ክንድ ነበር፤ መንገዱንም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ አስጠርገውታል። ያን ጊዜ ነዳጁ እንጀራና ጥሬ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ሲያልፍ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። ወደ ደብረ ታቦር ግን የቤንዚን ኀይል በብዛት የመጣው በክፉ ቀን ነበር። በ1928 ዓ.ም. በስታራቼ የሚመራው የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በከባድ መኪና ተጭኖ ከአስመራ ጎንደር ገባ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም ደብረ ታቦርን ያዘ። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ ባደረገው የንግድ ማዕቀብ ውስጥ ነዳጅ ሳይጨመር መቅረቱ ይታወሳል። ቤንዚን የአንድን አገር ዕድል ሊወስን የሚችል ነገር መሆኑን ሕዝባችን በዚያ ዘመን በደሙ ተምሯል።

ለጋይንት ሰው መኪና የዘወትር ነገር የሆነው ግን ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከተሠራ በኋላ ነው። ይህ መንገድ በቻይና ርዳታ በ1960ዎቹ ማብቂያ ተጀምሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ፤ የአገሩም ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከዚህ ዋና መንገድ ወጥቶ ወደ ዓርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ መኪና ነዳጁን በበርሜልና በጀሪካን ይዞ ሲጓዝ፣ የውሃ ነገር ከዚያ ይጀምራል።

አሁን ወደ ጠባያቸው እንምጣ። የኑግ ዘይት በውሃ ላይ ብታፈሱት ተንሳፎ ይቀራል፤ ቢመቱትም ለጥቂት ጊዜ ተበጣጥሶ ይታያል እንጂ ተመልሶ ይለያል። ቤንዚንም እንደዚሁ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ቤንዚን ከሦስት ሩብ ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ቤንዚን ከላይ፣ ውሃ ከታች ይሆናል። ንጹሕ ቤንዚን በውስጡ አሟሙቶ ሊይዝ የሚችለው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሺህ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ብዙም አይበልጥም። የቀረው ሁሉ እንደ ባዕድ ተገፍቶ ወደ ታች ይወርዳል።

ውሃው ከወዴት ይመጣል? ሁልጊዜ አጭበርባሪ ቀድቶ የጨመረው አይደለም። በርሜል እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው በውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ በክዳኑ ጥግ ይወጣል፤ ሌሊት የጉና ብርድ ሲመታው ደግሞ ተኮማትሮ የውጭውን እርጥብ አየር ይስባል። የተሳበው እንፋሎት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆንና ጠብ ጠብ እያለ ከቤንዚኑ ሥር ይከማቻል። በርሜሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ በክረምት የዝናቡ ውሃ በራሱ ላይ ይቋጥራል፤ ሌሊት በርሜሉ ሲተነፍስ ያንኑ ውሃ በክዳኑ በኩል ይጠጣዋል። ጐዶሎ በርሜል ብዙ አየር ስላለው ከሙሉው ይልቅ ብዙ ውሃ ይስባል።

በጥንቱ ቤንዚን ዘመን የዚህ ፈውሱ ቀላል ነበር። በርሜሉን አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ከላይ መቅዳት፣ ሥሩን መድፋት፤ ይኸው ነበር። ቤንዚንና ውሃ ጠላትነታቸው ግልጽ ስለ ነበር ጠባቂውን አያታልሉትም። ታሪኩ የሚወሳሰበው ሦስተኛው ወገን በመካከላቸው ሲገባ ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ቅመም እርሳስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኛ የነበረው ቶማስ ሚድግሊ፣ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውህድ በጥቂቱ ቢጨመር የሞተርን ማንኳኳት እንደሚያስቀር አገኘ። ይህ ቅመም በቤንዚን እንጂ በውሃ የማይሟሟ ስለ ሆነ በሁለቱ መካከል የነበረውን ድንበር አልነካም። የነካው የሰውን ደምና አእምሮ ነበር። ገና በ1924 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርዚ ቅመሙን ይሠሩ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ በመርዙ ሞቱ። ይሁን እንጂ ዓለም ሁሉ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ተጠቀመበት። ከሰሃራ በስተ ደቡብ ያሉት የአፍሪካ መንግሥታት በ1993 ዓ.ም. በዳካር ተሰብስበው እርሳሱን ለመተው ተስማሙ፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማም በዚህ ክፍለ ዓለም መሸጡ አበቃ። የዓለም የመጨረሻው የእርሳስ ቤንዚን በአልጄሪያ የተቋረጠው በ2013 ዓ.ም. ነው።

እርሳስ ሲወጣ ቦታውን የሚተካ ሌላ ቅመም ተፈለገ። በአሜሪካ ኤም ቲ ቢ ኢ የሚባል ውህድ በብዛት ተጨመረ። ይህኛው የእርሳስ ተቃራኒ ጠባይ ነበረው፤ በቤንዚን ውስጥ እያለ ወደ ውሃም ይሻገራል። ከመሬት በታች ከተቀበሩ የቤንዚን ጋኖች ያፈተለከው ቅመም ከጉድጓድ ውሃ ጋር እየተጓዘ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የሳንታ ሞኒካ ከተማ ብዙዎቹን የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶቿን እንድትዘጋ አደረጋት። ካሊፎርኒያም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅመሙን ከለከለች። ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ ለሞተር የተበጀ ነገር ሁሉ ለምንጭና ለጉድጓድ ደግ ነው ማለት አይደለም።

የቀረው ሦስተኛው ቅመም አልኮል ነው። ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ የአረቄ መንፈሱ ማለት ነውና። ቤንዚንን ከአልኮል ጋር መቀየጥ አዲስ ብልኀት እንዳይመስላችሁ። ብራዚል ከውጭ በምታስገባው ቤንዚን ላይ ከመቶ 5 እጅ አልኮል እንዲጨመር ሕግ ያወጣችው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእንግሊዝ አገርም በዚያው ዘመን ዲስኮል የሚባል ቅይጥ ይሸጥ ነበር። የ1973ቱ የነዳጅ ችግር ከመጣ በኋላ ብራዚል በ1975 እ.ኤ.አ. ፕሮአልኮል የተባለውን ታላቅ ዕቅድዋን ጀመረች። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ነዳጅ ለሌለው፣ ሸንኮራ ግን ላለው አገር፣ አልኮል የገዛ ማሳው ቤንዚን ነው።

በኢትዮጵያም ያው ሐሳብ ፍሬ አፍርቷል። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1959 ዓ.ም. ተመርቆ ሠላሳ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ሥራውን ሲያቆም፣ አገራችን የተጣራ ነዳጅ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ የምታስገባ ሆነች። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ነዳጅ በአብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነው። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. መባቻ የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተሠራ አልኮል ከመቶ 5 እጅ በቤንዚን ውስጥ ተቀይጦ ለአዲስ አበባ መኪናዎች ቀረበ። የፊንጫ የአልኮል ክፍል በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ለማምረት የታቀደ ነበር። በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ ከመቶ 10 እጅ ከፍ አለ፤ መተሐራም አልኮል ማምረት ጀመረ። በዚህ የዳነው የውጭ ምንዛሪ ለአገር ጥቅም መሆኑ አያጠያይቅም።

አሁን የነገሩ ቋጠሮ ወዳለበት ደርሰናል። አልኮል ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው። በአንድ ወገኑ የዘይት ዘመድ ነው፤ በሌላው ወገኑ የውሃ ዘመድ። ስለዚህ ከቤንዚን ጋር ይዋሐዳል፤ ከውሃም ጋር ይዋሐዳል። አረቄ የምታወጣ ባለሙያ እማወራ ይህን ሳይነግሯት ታውቀዋለች። የጌሾና የብቅል ድፍድፍ በእሳት ሲሞቅ በመቃው የሚያልፈው እንፋሎት አልኮል ብቻ ሳይሆን ውሃም አብሮት ነው። ደግማ ብታወጣው ዳግም አረቄ ይሆናል፤ ይበረታል፤ ሆኖም አሁንም ውሃ አለበት። በጋንና በመቃ ይቅርና በፋብሪካ ማማ ደጋግመው ቢያነጥሩት እንኳ አልኮሉ ከመቶ 96 እጅ ገደማ ሲደርስ ከውሃው አልለይም ብሎ ይቆማል። ለመኪና የሚሆነው አልኮል ግን ከመቶ 99 እጅ በላይ መድረቅ ስላለበት፣ የቀረችው ውሃ በልዩ ማድረቂያ ተጣርታ ትወጣለች። ይህን ያህል የደረቀ አልኮል ደግሞ እንደ ተጠማ ሰው ነው፤ ውሃ ባገኘበት ሁሉ ይስባል።

እንግዲህ አልኮል የገባበት ቤንዚን ውሃን እንደ ቀድሞው ከደጃፉ አይመልስም። ጥቂት ውሃ ቢገባበት አልኮሉ እንደ አማላጅ ሆኖ ሁለቱን ያስታርቃል፤ ውሃው በዓይን ሳይታይ ከቤንዚኑ ጋር ወደ ሞተሩ ገብቶ ያልፋል፤ ጉዳትም አያደርስም። ብዙ ሰዎች «አልኮል ውሃን ያጠፋል» የሚሉት ይህን አይተው ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። አልኮል ውሃን አያጠፋም፤ ይሸሽገዋል እንጂ። የመሸሸግ ዐቅሙም ልክ አለው። ከመቶ 10 እጅ አልኮል ያለበት ቤንዚን በ15 ዲግሪ ሙቀት ሊሸሽግ የሚችለው ውሃ ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ነው፤ ይኸውም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ አንድ ሊትር ማለት ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ ይህ ዐቅም እየጠበበ ይሄዳል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። አልኮል ግን እንደ ወረቀት አይደለም፤ ልኩ ሲያልፍ የያዘውን ይለቃል። የሚለቀው ግን ውሃውን አይደለም፤ ቤንዚኑን ነው! ከሁለቱ ዘመዶቹ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆንበት አልኮል ከውሃ ጋር ይወግናል። አብዛኛው አልኮል ከውሃው ጋር ተያይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የቀረው ቤንዚን ደግሞ አልኮሉ የሰጠውን ኦክቴን ያጣል። ስለዚህ ከላይ የተቀዳው ሞተሩን ያንኳኳዋል፤ ከሥር የተቀዳው ፈጽሞ አያስነሣውም፤ ብረቱንም ያዝጋዋል። በጥንቱ ቤንዚን ሥር የሚገኘው ውሃ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ደፍተው ይገላገሉት ነበር። በዚህኛው ግን ሥሩን የደፋ ሰው የነዳጁን አንድ አካል ደፍቷል፤ የቀረውም እንደ ቀድሞው አይደለም።

የአዲስ አበባ መኪና ወደ ጋይንት ሲሄድ ምን ሊሆን እንደሚችል አሁን ማሰብ አያስቸግርም። ድብልቁ ይቀርብ የነበረው ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ነበርና፣ መኪናው ቅይጥ ቤንዚን ሞልቶ ይነሣል፤ ወረታ ላይ በፎገራ ሜዳ ሙቀት ያልፋል፤ ማታ ነፋስ መውጫ በብርድ ያድራል። ታንኩ ውስጥ የነበረው ውሃ ቀን ተሸሽጎ ውሎ ሌሊት ሊገለጥ ይችላል። ጧት ሾፌሩ ቅይጥ ያልሆነ ቤንዚን ቢጨምርበት ደግሞ የአልኮሉ ድርሻ ስለሚያንስ ውሃ የመያዝ ዐቅሙ ይብሱን ይወድቃል። ሁለቱም ቤንዚን ለየብቻቸው ደኅና ሆነው ሳለ፣ ሲገናኙ ይበላሻሉ። ሾፌሩም ማደያውን ይከሳል፤ ማደያውም ሾፌሩን።

ይህ ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ከስማዳ ቆላ ወላድ ለማምጣት ሌሊት የታዘዘ መኪና በዳገት መካከል ቢቆም፣ በቤንዚን የሚሠራ የውሃ መሳቢያ በድርቅ ወር አልነሣ ቢል፣ የሚጎዳው መሥሪያ ቤቱ ብቻ አይደለም። የግምጃ ቤቱ መዝገብ «ቤንዚን፣ 200 ሊትር» ብሎ ይመሰክራል፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ግን ቤንዚን መሆኑን መዝገብ አያውቅም።

ስለዚህ ነዳጅ የሚጠብቅ ሰው ሊያደርጋቸው የሚገባውን በአጭሩ እንናገር። አንደኛ፣ በርሜል በጥላ ሥር በጎኑ ይተኛ፤ ሁለቱም ክዳኖቹ ከነዳጁ ወለል በታች እንዲሆኑ ተደርጎ ይቀመጥ፤ በዚህ ሁኔታ የውጭ አየር አይስብም። ሁለተኛ፣ ጐዶሎ በርሜል ለብዙ ጊዜ አይቀመጥ፤ አስቀድሞ የመጣው አስቀድሞ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ቅይጡና ቅይጥ ያልሆነው ቤንዚን በአንድ በርሜል አይገናኝ፤ በርሜሉም ላይ ምንነቱ ይጻፍበት። አራተኛ፣ በመለኪያ ዘንግ ላይ የሚቀባው ውሃ መፈለጊያ ለጥንቱ ቤንዚን የተሠራው ዓይነት ከሆነ፣ ከአልኮል ጋር የተቀላቀለውን ውሃ አጥርቶ ላያሳይ ይችላልና ለቅይጥ ቤንዚን የተሠራው ይፈለግ። አምስተኛ፣ ውሃ የገባበትን ታንክ በአረቄ ለማድረቅ ማንም አይሞክር፤ የቤት አረቄ ከግማሽ የሚበልጠው ራሱ ውሃ ስለ ሆነ፣ ይህ ጎርፍን በጎርፍ እንደ መገደብ ነው።

ቤንዚኑ ቅይጥ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሚሻ ደግሞ ከእሳት ርቆ፣ ነፋስ ባለበት ሜዳ፣ በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። ምልክት ባለው ጠባብ የመስታወት ዕቃ 90 እጅ ቤንዚንና 10 እጅ ውሃ ጨምሮ፣ ከድኖ ናጥ ናጥ አድርጎ ያስቀምጠው። ከታች የረጋው ውሃ 10 እንደ ሆነ ከቀረ ቤንዚኑ አልኮል የለበትም። ውሃው ያደገ መስሎ ወደ 18 ወይም 19 ቢጠጋ ግን ከመቶ 10 እጅ ያህል አልኮል እንዳለበት ያስረዳል። በእውነቱ ውሃው አልበዛም፤ አልኮሉ ወገኑን ለይቶ ወደ እርሱ ሄደ እንጂ።

ከሥር የተቀዳውንም ቆሻሻ በየሜዳው መድፋት አይገባም። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በላይ የፈሰሰ ነገር በታች ይጠጣል። አልኮል ያለበት ቤንዚን ወደ ምድር ሲሰርግ በአፈር ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት አስቀድመው አልኮሉን ስለሚመገቡ፣ ቤንዚን ያለው የባሰው መርዝ ሳይበላሽ ርቆ ይጓዛል። የሳንታ ሞኒካ ጉድጓዶች የደረሰባቸውን እያወቅን ያን ስሕተት ለምንጮቻችን ልናወርስ አይገባም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ይሁን እንጂ ቀደም ብለው የገቡት መኪናዎች፣ ባጃጆችና የውሃ መሳቢያዎች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ የቤንዚን በርሜልም ከሩቅ ወረዳ ግምጃ ቤት ገና ለብዙ ዘመን አይወጣም። የእርሳሱ፣ የኤም ቲ ቢ ኢውና የአልኮሉ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው፤ በነዳጅ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ቅመም ጥቅሙን በግልጽ ይሰጣል፤ ዋጋውን ግን በሌላ በር መጥቶ ይጠይቃል። እርሳስ ዋጋውን ከሰው ደም ጠየቀ፤ ኤም ቲ ቢ ኢ ከጉድጓድ ውሃ፤ አልኮል ደግሞ የሚጠይቀው ከጠባቂው ትጋት ነው። ከሦስቱ ዋጋዎች ይህ የመጨረሻው እጅግ የቀለለው ነውና፣ እንክፈለው።